ሮም ውስጥ ባዶ ሕንፃ ይዘው የመንግሥት ቤት የሚጠይቁ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ሮም ውስጥ ስደተኞችን በሚያማክር ክፍል በአስተርጓሚነት አግዛለሁ። ሰው ስለ ወረቀቱ ሊጠይቅ ይመጣና ወሬው መጨረሻ ላይ ቤት ጋ ይደርሳል። ከአገር ቤት የሚደውሉም አሉ። አንዲት እናት «ልጄ የሰው ሕንፃ ሰብሮ ገብቷል አሉኝ፤ ሌባ ሆነ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ለሚጨነቁ ሁሉ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦኩፓሲዮኔ የሚባለው ምንድን ነው? እንደ ጨረቃ ቤት ነው?

ቤት የሌላቸው ሰዎች ተሰባስበው ለዓመታት ባዶ የቆመ ሕንፃ ውስጥ ሲገቡና መኖር ሲጀምሩ ጣልያኖች ኦኩፓሲዮኔ ይሉታል። ሕንፃው የድሮ መሥሪያ ቤት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ወይም የጦር ሠራዊት መጋዘን ሊሆን ይችላል።

ከጨረቃ ቤት ጋር ዋናው ልዩነት ይሄ ነው። ጨረቃ ቤት ባዶ መሬት ላይ በሌሊት ይሠራል፤ ሠሪውም ቦታው የራሱ ሆኖ እንዲቀርለት ይፈልጋል። ኦኩፓሲዮኔ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሕንፃውን የእኔ ነው አይልም። የሚለው «በገቢዬ ልክ የምከፍልበት የመንግሥት ኪራይ ቤት እስካገኝ እዚህ እቆያለሁ» ነው። ያንን ቤት ካዛ ፖፖላሬ ይሉታል። ከእኛ አገር ነገር ለቀበሌ ቤት ይቀርባል።

ስለዚህ ለእናትዬዋ የመለስኩላቸው እንዲህ ነበር፦ ልጅዎ የማንንም ዕቃ አልወሰደም። የገባው ማንም ያልነበረበት ቤት ነው። ሕጉ ግን አይፈቅድለትም፤ እሱንም አልደበቅኳቸውም።

ሀበሾቹ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) አላቸው አይደል? ታዲያ ለምን ቤት አይከራዩም?

አብዛኞቹ አላቸው። ሰው የማያውቀው ይሄንን ነው። እነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩት ሀበሾች በብዛት ጣልያን ራሷ «ስደተኛ ናችሁ» ብላ እውቅና የሰጠቻቸው ናቸው።

ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው በመንግሥት ድጋፍ በሚተዳደር ማረፊያ ስድስት ወር ይቆያል። ከተራዘመለት ሌላ ስድስት ወር ያገኛል። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ቋንቋው ገና ነው። ሥራው ጽዳት፣ ዕቃ ማውረድ ወይም ሽማግሌ መንከባከብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ውል። አከራይ ደግሞ የሥራ ውል አሳየኝ፣ የደሞዝ ወረቀት አምጣ፣ የጥቂት ወር ቅድሚያ ክፈል ይላል። በስልክ አነጋገርህን ሰምቶ «ተከራይቷል» የሚልም አለ። እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ደውዬ ይሄ ደርሶብኛል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጣልያናዊ ጓደኛዬ ስትደውል ቤቱ አልተከራየም ነበር።

ሌላው አሻራ ነው። ተስፋ ቆርጦ ጀርመን ወይም ስዊድን የሄደ ሰው «አሻራህ ጣልያን ነው የተያዘው» ተብሎ፣ መጀመሪያ ወደገባበት አገር በሚመልሰው የአውሮፓ ደንብ፣ በዱብሊን፣ ይመለሳል። ሲመለስ ማረፊያው ውስጥ የነበረችው አልጋ ብዙ ጊዜ ለሌላ ተሰጥታለች። የቀረው ወይ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ፣ ወይ ዘመድ ወለል ላይ፣ ወይ ኦኩፓሲዮኔ ነው።

የትኞቹ ሕንፃዎች ናቸው የታወቁት?

ቪያ ኮላቲና የተባለው መንገድ ላይ ያለው በ2004 ተያዘ። በ2006 ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ሮማኒና የተባለው ሰፈር፣ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበት የነበረ ትልቅ የመስታወት ሕንፃ ተያዘ። ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና ሱዳኖች ገቡበት። «ሰላም ፓላስ» የሚለው ስሙ በዓለም ዜና ሁሉ የተነሳው እሱ ነው። በ2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር የነበሩት ኒልስ ሙይዥኒክስ በአካል መጥተው አይተውታል፤ ያዩትንም አጥብቀው ተችተዋል። በኮቪድ ጊዜ፣ በኤፕሪል 2020፣ ውስጡ ታማሚ ተገኘ ተብሎ ሕንፃው በሙሉ ተዘግቶ በወታደር ተጠብቋል።

ሦስተኛው ከተርሚኒ አጠገብ ቪያ ኩርታቶኔ የነበረው ነው። በኦክቶበር 2013 ተያዘ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 3፣ ላምፔዱሳ ባሕር ላይ ጀልባ ሰጥማ 368 ሰው አልቆ ነበር፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን። ለሞተው አገሩ ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ ጣልያን ምድር ላይ ለዓመታት የኖረው ግን የሚያድርበት አልነበረውም። የቪያ ኩርታቶኔን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የሚያስተባብሩት እነማን ናቸው?

የቤት ትግል ሮም ውስጥ የስደተኛ ፈጠራ አይደለም። ጣልያኖቹ ራሳቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከደቡብ መጥተው ከከተማው ዳር በቆርቆሮ ቤት ኖረዋል። በሴፕቴምበር 1974 ሳን ባዚሊዮ ሰፈር ውስጥ የመንግሥት ቤቶችን ይዘው የነበሩ 150 ያህል ቤተሰቦችን ፖሊስ ሊያስወጣ ሲመጣ ግጭት ተነሳ። ፋብሪሲዮ ቼሩሶ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት በጥይት ተገደለ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያስበዋል።

አሁን ያሉት ቡድኖች የዚያ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። «የከተማ የቤት ትግል ቅንጅት» የሚባለው ከ1988 ጀምሮ አለ። «ብሎኪ ፕሬካሪ ሜትሮፖሊታኒ» በ2007 ተመሠረተ። «አክሽን» የሚባልም አለ። በዲሴምበር 2012 እና በኤፕሪል 2013 በአንድ ቀን ብዙ ሕንፃ በመያዝ «የሱናሚ ጉዞ» ብለው ጠርተውታል። በኦክቶበር 2013 ደግሞ ሮም ላይ ትልቅ ሰልፍ ተደርጎ ፖርታ ፒያ ጋ፣ መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ፊት ለፊት፣ ድንኳን ተተከለ። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፦ አዲስ ካዛ ፖፖላሬ ይሠራ፣ ባዶ የመንግሥት ሕንፃ ወደ መኖሪያ ይቀየር፣ አማራጭ ሳይሰጥ ማንም አይባረር።

ሀበሾቹ የያዟቸው ሕንፃዎች ግን ሁሉም በእነዚህ ሥር አይደሉም። አንዳንዶቹ የራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። ይሄ ጥንካሬም ድክመትም ሆኗል። ቋንቋና ባህል አንድ ሲሆን መግባባት ይቀላል፤ ኮሙኔው (የከተማው አስተዳደር) በር ላይ የሚያንኳኳላችሁ ጣልያናዊ ሲጠፋ ግን ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

ውስጡ እንዴት ነው? ማን ነው የሚያዘው?

አንድ ማታ ለማስተርጎም ገብቼ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው አሉ። መግቢያው ላይ የድሮው መሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ እንዳለ ቆሟል። ከኋላው ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርቶን ተለጥፏል። ስም፣ ፎቅ፣ የጥበቃ ሰዓት። ሁሉም ሰው በተራ በር ይጠብቃል፤ ሌሊትም ጭምር። ፖሊስ የሚመጣው ሲነጋጋ ስለሆነ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ያለው ተራ ከባዱ ነው አሉኝ።

ሕንፃው ለቢሮ የተሠራ ነው። መጸዳጃ አለ፣ ገላ መታጠቢያ የለም። ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ላይ የአትክልት ጎማ ቀጥለው፣ በፕላስቲክ መጋረጃ ከልለው ሻወር ሠርተዋል። አንዱ የስብሰባ ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሦስት ተከፍሎ ሦስት ቤተሰብ ይኖርበታል። ኮሪደሩ ላይ የሕፃን ብስክሌት ቆሟል። ከአንዱ በር የሽሮ ሽታ ይወጣል።

ስብሰባው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንድ ዓረፍተ ነገር በጣልያንኛ ይባላል፣ ከዚያ በትግርኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። አጀንዳው የቆሻሻ ገንዳ፣ የሦስተኛው ፎቅ መብራት መውደቅ፣ ሐሙስ ኮሙኔው ፊት የሚደረግ ሰልፍ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እድር ነው እኮ ይሄ» አሉኝ። ልክ ናቸው። መዋጮ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የቀረ ሰው ይመዘገባል።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። በአንዳንድ ቦታ ሰልፍና ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እንደተገኘህ ይቆጠራል፤ ክፍል ሲለቀቅም ቅድሚያው በዚያ ነው። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስታ ቢሮ የምታጸዳ እናት እንዴት አድርጋ ከወጣቶቹ እኩል ትቆጠራለች? ይህንን እዚያው ተናግሬያለሁ።

ሁሉም ስለ «ሬዚደንሳ» ያወራል። ለምንድን ነው እንዲህ የከበደው?

ምክንያቱም ጣልያን ውስጥ ጣሪያ ሳይኖርህ መኖር ይቻላል፤ አድራሻ ሳይኖርህ ግን አትኖርም።

ሬዚደንሳ ማለት ኮሙኔው መዝገብ ላይ «እገሌ እዚህ ቤት ይኖራል» ተብሎ መጻፍ ነው። ያለ እሱ መታወቂያ ካርድ አታገኝም። የቤተሰብ ሐኪም መመዝገብ ችግር ነው። ሶጆርኖ ማደስ ይጎተታል። ለካዛ ፖፖላሬ ለማመልከትም ያስፈልጋል። ዜግነትም አለ፦ እውቅና ያለው ስደተኛ ከአምስት ዓመት ሕጋዊ ነዋሪነት በኋላ ማመልከት ይችላል። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው በሬዚደንሳ ነው። ስምህ ለሁለት ዓመት ከመዝገብ ከወጣ ቆጠራው ይቋረጣል።

በ2014 ሕግ ቁጥር 80 ወጣ። ሰው የሚያውቀው በሁለት ባለሥልጣናት ስም «ሬንሲ ሉፒ» ብሎ ነው። አምስተኛው አንቀጽ፣ ሕንፃ የያዘ ሰው እዚያ ሬዚደንሳ አይመዘገብም፣ ውሃና መብራትም በስሙ አይገባለትም ይላል። ያ አንቀጽ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። የስድስት ወር ልጅ ክትባት ለማስያዝ እናቷ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ አራት ጊዜ ተመላለሰች። አራተኛው ቀን አብሬያት ነበርኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አይታ «ይሄ አድራሻ ለእኛ የለም» አለቻት። እናትየዋ ቁልፏን አውጥታ አሳየቻት። ምንም አልተናገረችም፤ ቁልፉን ብቻ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

በኖቬምበር 2022 የሮም ከንቲባ ሮቤርቶ ጓልቲየሪ መመሪያ አውጥተው ችግረኛ ቤተሰቦች በያዙት ሕንፃ አድራሻ እንዲመዘገቡ በር ከፍተዋል። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ንቅናቄዎቹ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጮሁበት የኖሩት ነው።

መንገድ ላይ ለሚያድር ደግሞ ኮሙኔው በምናብ የፈጠረው አድራሻ አለ፤ ቪያ ሞዴስታ ቫለንቲ። ሮም ውስጥ እንዲህ የሚባል መንገድ ፈልጋችሁ አታገኙም። ሞዴስታ ቫለንቲ ተርሚኒ ጣቢያ ትኖር የነበረች አሮጊት ናት። በጃንዋሪ 1983 ታማ ወደቀች። አምቡላንስ መጣ፤ ሰውነቷ ቆሽሿል ብሎ ሳይወስዳት ቀረ። ለሰዓታት እዚያው ተኝታ ሞተች። ዛሬ አድራሻ የሌለው ሰው መታወቂያ ላይ የእሷ ስም አለ።

በ2017 ፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ ላይ የሆነው ምንድን ነው?

ከፒያሳው አጠገብ ባለው የቪያ ኩርታቶኔ ሕንፃ ውስጥ 800 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን። ኦገስት 19 ንጋት ላይ ፖሊስ መጣ። ከተማው ሁሉ ለበጋ ዕረፍት ባሕር ዳር በሄደበት ሳምንት ነው። ሰው ወጣ። ጥቂት እናቶችና ሕፃናት ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ሌላው ፒያሳው ላይ ያለው ሣር ላይ አንሶላ አንጥፎ አደረ። አምስት ቀን።

ኦገስት 24 ጠዋት ፖሊስ በውሃ መድፍ ፒያሳውን አጸዳ። ፖሊስ የጋዝ ሲሊንደር ተወርውሮብናል ብሏል። አንድ የፖሊስ ኃላፊ ደግሞ «አንድ ነገር ከወረወሩ ክንዳቸውን ስበሩ» ሲል በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም ሰምቶታል። ውሃው የመታቸው ከእንቅልፋቸው የተነሱ ሴቶች ናቸው። ሻንጣ፣ የልጅ ደብተር፣ ፍራሽ ርሶ ሣሩ ላይ ተበታትኖ ቀረ።

«አማራጭ ተሰጥቷቸው እምቢ አሉ» የሚል ወሬ አሁንም አለ። ከተሰጠው አማራጭ አንዱ ሪየቲ አውራጃ ያለ ቤት ነበር፤ ለስድስት ወር ብቻ። ሥራቸው ሮም ነው። ልጆቻቸው የሚማሩት እዚያው ሰፈር ነው። ከስድስት ወር በኋላስ? መልስ አልነበረም። እኔም ብሆን እምቢ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ማርኮ ሚኒቲ አቅመ ደካሞችን ያለ አማራጭ ማስወጣት እንዲቆም ሰርኩላር አወጡ። ዓመት ሳይሞላው ሚኒስትር ተቀየረ፤ በሴፕቴምበር 2018 መመሪያውም ተቀየረ።

ከዚያ ፒያሳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ጣልያኖች ናቸው። ልጆቻችን በየቀኑ አውቶቡስ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ይህች ከተማ እኛን ሳታውቀን በፊት ስማችን ግድግዳዋ ላይ ነበር።

ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው መብት ቀሙ ማለት አይደለም?

ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ። የሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ራሳቸው ዓመታት ወረፋ የጠበቁ ናቸው።

ካዛ ፖፖላሬ እንደ ኮንዶሚኒየም በዕጣ አይወጣም። በነጥብ ነው። ገቢህ፣ የቤተሰብህ ብዛት፣ አካል ጉዳት፣ አሁን የምትኖርበት ሁኔታ ይቆጠራል። ሮም ውስጥ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ቤተሰቦች ዝርዝሩ ላይ አሉ። በየዓመቱ የሚመደበው ቤት ከዚያ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው። ቀድሞ ከሠራተኛ ደሞዝ ተቀንሶ ለቤት ግንባታ የሚውል መዋጮ ነበር፤ ጄስካል ይባላል። በ1990ዎቹ ቀረ። እሱ ሲቀር ግንባታውም ቀዘቀዘ።

ሁለት ነገር ግን መለየት አለበት። ባዶ መሥሪያ ቤት መያዝ አንድ ነው። ለሌላ ሰው ሊመደብ የነበረ የካዛ ፖፖላሬ አፓርታማ ሰብሮ መግባት ሌላ ነው። ሁለተኛው የሚጎዳው ከአንተ የባሰ ችግረኛ ነው። ሕጉም ይቀጣዋል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ለአምስት ዓመት ከምደባ ይታገዳል። «በርካሽ ቁልፍ እሸጥልሃለሁ» የሚል ደላላ ካገኛችሁ ሽሹ። ኦኩፓሲዮኔ ውስጥም ለመግባት በሺህ የሚቆጠር ዩሮ የሚጠይቅ ካለ ያ ትግል አይደለም፤ ንግድ ነው።

ያስቀጣል?

አዎ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 633 የሌላን ሕንፃ ለመያዝ መግባትን ከ1 እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል ይላል። በ2025 የወጣው የጸጥታ ሕግ ደግሞ የሌላ ሰው መኖሪያ የሆነን ቤት በኃይል ወይም በማታለል የያዘን ከ2 እስከ 7 ዓመት ይቀጣል። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ንብረት ማኅበራዊ ጥቅም ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱም በ1988 ቤት መሠረታዊ መብት ነው ብሏል። ክርክሩ በእነዚህ መካከል ነው። ክስ የደረሰው ሰው ጠበቃ ሳያማክር ምንም ወረቀት ላይ አይፈርም።

ታግሎ ቤት ያገኘ አለ?

አለ። ቶር ማራንቻ አካባቢ፣ ቪያሌ ዴል ካራቫጆ ላይ የነበሩ ቤተሰቦች በ2021 ሲወጡ በውሃ መድፍ አልወጡም። በተራ በተራ፣ ቤት እየተሰጣቸው ነው የወጡት።

ኦስቲየንሴ ሰፈር ያለው ፖርቶ ፍሉቪያሌ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ተስፋ ነው። የጦር ሠራዊት መጋዘን ነበር። በ2003 ተያዘ። ግድግዳው ላይ ብሉ የተባለው ሠዓሊ መስኮቶቹን ዓይን አድርጎ ግዙፍ ፊቶች ሥሎበታል፤ ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል። ከሃያ ዓመት ግድም በኋላ ኮሙኔው 11 ሚሊዮን ዩሮ ያህል የሕዝብ ገንዘብ አግኝቶ ሕንፃውን እዚያው ለነበሩት ቤተሰቦች ካዛ ፖፖላሬ ሊያደርገው ወሰነ። ሃያ ዓመት ረጅም ነው። እዚያ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ግን ስማቸው ዝርዝር ላይ ስለነበረ፣ ስብሰባቸው ስላልተቋረጠ፣ አንድ ቀን የከተማው ሰው ሲመጣ የሚያነጋግረው አካል አገኘ።

መብራቱ ከተቆረጠስ?

ሳንታ ክሮቼ ኢን ጄሩሳለሜ መንገድ ላይ ስፒን ታይም የሚባል ሕንፃ አለ። በ2013 ነው የተያዘው፤ 450 ያህል ሰው ይኖርበታል፣ መቶ የሚያህሉት ልጆች። በሜይ 2019 በ300 ሺህ ዩሮ ገደማ ዕዳ መብራቱ ተቆረጠ። ሻማ፣ የተበላሸ መድኃኒት፣ የቆመ አሳንሰር። ያኔ የጳጳሱን ምጽዋት ያከፋፍሉ የነበሩት ካርዲናል ኮንራድ ክራየቭስኪ መጡ። የመብራቱ መስመር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ወርደው እሽጉን በእጃቸው ቆርጠው መብራቱን መልሰው አበሩ። ሚኒስትር ሳይቀር ተቆጣ። እሳቸው ኃላፊነቱን ወሰዱ። ሁሉም ቦታ ካርዲናል አይመጣም፤ ስለዚህ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ አትደራርቡ። እሳት ከፖሊስ የባሰ ነው።

እኔ አዲስ ገብቻለሁ። ከየት ልጀምር?

ማረፊያ ውስጥ ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ ሦስት ወር በፊት ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ስለ ሬዚደንሳ ጠይቁ። ስትወጡ አይደለም፤ ከዚያ በፊት። መንገድ ላይ ከሆናችሁ የሞዴስታ ቫለንቲን አድራሻ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ከዚያ ካፍ ወደሚባለው የግብርና የማመልከቻ ወረቀት ወደሚያዘጋጅ ቢሮ ሄዳችሁ የገቢ ወረቀታችሁን አሠሩ፤ ኢዜ ይሉታል፣ በነፃ ነው። እሱን ይዛችሁ የካዛ ፖፖላሬ ማመልከቻ አስገቡ። ኦኩፓሲዮኔ ውስጥ ብትኖሩም አስገቡ። «አይሰጡኝም» ብሎ የተወው ብዙ ነው፤ ያላመለከተ ሰው ደግሞ አይቆጠርም።

ያስገባችሁበትን ቁጥር ፎቶ አንሱና ለሌላ ሰው ላኩ። ስልክ ይጠፋል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ የአራት ዓመት ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ለቋል። ቁጥሩን ያገኘነው እህቱ ጎንደር ሆና በቴሌግራም ስላስቀመጠችለት ነው።